ዋና የማያውቀው አማች ፍለጋ

ታማኤ ሂቢኖ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። ናጎያ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ንጽሕና መስጫ ጓዳ ተቀምጣ፣ ለወፈረው ታሰፋለች፣ ለከሳው ታጠባለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች። ሥራውን ሠላሳ ዓመት ስለሠራችው የአላፊ አግዳሚውን ወገብ በዓይኗ ትለካለች፤ ማን እንደወፈረ ግን ለማንም ትንፍሽ አትልም። ቅዳሜ ሲመጣ ያቺ ጭምት ሴት የለችም። ቅዳሜ የጨርቅ ከረጢቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ካሚማኤዙ የሚባለው ሰፈር ወርዳ አሮጌ ልብ ወለድ ታድናለች።

አዲስ መጽሐፍ አይሆንላትም። «አዲስ መጽሐፍ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ እስኪለመድ እግር ይልጣል» ትላለች። የምትወደው ሌላ ሰው ያነበበውን፣ ጥጉ የታጠፈውን፣ ሻይ የፈሰሰበትን ነው። ሱቆቹ ደጃፋቸው ላይ የመቶ የን መጽሐፍ የተደረደረበት ጠረጴዛ ያወጣሉ። ሌሎቹ አዳኞች ቀለሙ የደመቀውን ሲሻሙ እሷ ፀሐይ ያነጣውን ትመዛለች። ከዚያ ገልጣ ታሸተዋለች። ሻጋታ ከሸተተ ትመልሰዋለች፣ ትምባሆ ከሸተተ ትገዛዋለች፤ ሲጋራ በሲጋራ ላይ እያቀጣጠለ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ማስቀመጥ ያቃተው ሰው ነው ባይ ናት። አንድ ጊዜ ከገጾች መሀል የገበያ ዝርዝር አገኘች፦ ባሮ ሽንኩርት፣ አምፖል፣ ሳሙና፣ ይቅርታ መጠየቅ። ሦስቱ ተሰርዘዋል፤ ይቅርታው ግን አልተሰረዘም። ለዚያ ለማታውቀው ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ስትጨነቅ ሰነበተች።

አደኑ ሲያበቃ ኮማዶሪ የሚባለው ካፌ ትገባለች። የካፌው ባለቤት ማሳዮ ምን ልታዘዝ ብላ አትጠይቃትም፤ ግድግዳው ላይ «ሂቢኖ» ተብሎ ከተሰቀለው፣ አስቀድማ ከከፈለችበት የቡና ቲኬት አንዱን ቀንጥሳ ወደ ጓዳ ትገባለች። ቡናው ይመጣል። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ከቡና ጋር በነጻ የሚሰጠው ወፍራም ዳቦ፣ ቅቤና በስኳር የተቀቀለ ቀይ አደንጓሬ ተቀብቶ፣ ከአንድ ቅቅል እንቁላል ጋር ይከተላል። ታማኤ ዳቦውን በግራ፣ መጽሐፉን በቀኝ እጇ ይዛ ሠላሳ ገጽ ታነባለች። ከዚህ የበለጠ ደስታ አለ ቢሏት አታምንም።

ባሏ ኩኒዮ ለዚህ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሲኒና ሰሃን በትንሽ እንጨት እየመታ፣ በድምፁ ብቻ የተሰነጠቀውን ከደህናው ሲለይ ኖሮ ባለፈው ጸደይ ጡረታ ወጣ። አሁን ሥራ ፈትቶ ቤቱን መመርመር ጀምሯል። ሚስቱ መጽሐፍ የምታከማችበትን የፎቁን ክፍል በር አንድ ቀን ሊያንሸራትት ቢሞክር በሩ እምቢ አለው። የመጽሐፉ ክብደት ወለሉን አጉብጦት ኖሯል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ ወረቀቱም ሞኙም አንድ ላይ ነሽ» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አለ። አንድ ሲገባ ሁለት ይወጣል!»

ታማኤ ተከራከረች፣ ለመነች፣ አንድ ቀን አኮረፈች፤ በመጨረሻ ተስማማች። በየሳምንቱ የሚወጡትን በገመድ አስራ ለሽማግሌው መጽሐፍ ሻጭ ለቱዙኪ ትወስድለታለች። አንድ ችግር ብቻ ነበረው። እንደ አገሩ ልማድ እያንዳንዱን መጽሐፍ ስትገዛ ሻጩ በሱቁ ቡናማ ወረቀት ይለብድላታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ምን እንደምታነብ የጎን ሰው እንዳያይባት ነው። እሷ ደግሞ ቤት ከገባ በኋላም ወረቀቱን አታወልቅም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ መጽሐፍ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ተሰልፏል። ታማኤ የምታውቃቸው በስማቸው ሳይሆን በቦታቸው ነው።

አሁን ኩኒዮ ከመጽሐፍ ጋር ያለውን ቂም መናገር ይገባል። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ኩኒዮ ራሱ ልብ ወለድ ጽፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ትንሿ ክፍል እየገባ፣ የወረቀት በሩን እየዘጋ ጻፈ። ርዕሱ «ዋና የማያውቀው አማች» ነው፤ አንዲት የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ሊያገባ ስለተመኘ፣ ውሃ ስለሚፈራ ሰው። በብዕር ስም፣ ከኪሱ ከፍሎ ሁለት መቶ ቅጂ አሳተመ። ለዘመድ ሰጠ፣ ለሥራ ባልደረባ ሰጠ። ሁሉም «በጣም አመሰግናለሁ፣ ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ» አሉት። አንድ ሰው እንኳ ጊዜ አላገኘም። በዓመቱ አጎቱ ቤት ለምሳ ሲሄድ መጽሐፉን አገኘው፤ የሚወዛወዝ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ እግር ሥር ተደርጎ። ያን ቀን ቤቱ ተመልሶ የተረፉትን ሁሉ በገመድ አሰረና አሮጌ ወረቀት ለሚሰበስበው መኪና ደጅ አወጣቸው። «ስሙን እንዳታነሺብኝ» አላት ሚስቱን።

ታማኤም አላነሳችም። መኪናው ከመድረሱ በፊት ግን በቤት ጫማዋ ወጥታ ከእሥሩ አንዱን መዘዘችና በቡናማ ወረቀት ለብዳ ከራሷ መጻሕፍት መሀል ሰገሰገችው። ሠላሳ አምስት ዓመት እዚያው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ እራት ላይ ኩኒዮ ዓይኑን ከተጠበሰው ዓሣ ሳያነሳ፣ «አንዷን እንኳ ማስቀረት ነበረብኝ» አለ።

«የምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። ምን ያህል መጥፎ እንደነበረ ለማየት ያህል ነው እንጂ፣ ሌላ ነገር አይደለም።»

ታማኤ የመብያ እንጨቷን አስቀመጠች። «አንድ አለ» አለችው። «እኔ ጋ።»

ኩኒዮ ዓሣውን ማኘክ አቆመ። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር ታማኤ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ አይታው አታውቅም። «አሁን እንዳታመጪው!» አለ በድንጋጤ። «እሁድ ልደቴ አይደል? እሁድ ስጪኝ። እስከዚያ ልቤን ላዘጋጅ።» ከዚያ ሊታጠብ ገባና ውሃው ውስጥ ሆኖ ሲያንጎራጉር ተሰማ።

በማግስቱ ፎቅ ወጣች። ከመስኮቱ በስተግራ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከዳር አራተኛው። እጇን ሰዳ አወጣችው፤ ገለጠችው፤ የሌላ ሰው መርማሪ ፖሊስ ከውስጥ ብቅ አለ። የጎኑን ገለጠች፤ የምግብ አሠራር። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ገዝታ ስድስት ማስወጣት ነበረባት፤ ስለቸኮለች ስድስቱን ከዚያው መደርደሪያ አፍሳ አስራለች። ባሏ ሠላሳ አምስት ዓመት የቆየ ቁስሉን ሊያይ ልቡን እያዘጋጀ ነው፤ እሷ ደግሞ በገዛ እጇ ሸጠችው። «ጠፋ» ብትለው፣ መጀመሪያም አልነበረም፣ አዝናልኝ ነው የዋሸችኝ ብሎ ያስባል። ለዘላለም እንደዚያ ብሎ ያስባል።

ቱዙኪ ሱቁን የሚከፍተው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ስልክ አያነሳም፤ መጽሐፍ የፈለገ በእግሩ ይምጣ ባይ ነው። ታማኤ ሦስት ቀን በእሾህ ላይ ተቀምጣ ቅዳሜን ጠበቀች። ቅዳሜም ነጋ፤ ግን የአንድ ሙሽራ ሱሪ ስለጠበበ ከቤቷ ተጠርታ ሄደች። ሙሽራው በጭንቀት በወር ውስጥ አራት ኪሎ ጨምሯል። ሰፍታለት፣ መርቃው፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ካሚማኤዙ ስትደርስ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

«ጋሽ ቱዙኪ! ባለፈው ያመጣሁት እሥር፣ ስድስቱ፣ የት አሉ?»

ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እትዬ ታማኤ፣ መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል። እንደ ግብር ሰብሳቢ ምን ያጣድፍዎታል?»

«እንደምን አደሩ። የት አሉ?»

«ወረቀታቸውን አውልቄ ዛሬ ጠዋት ደጅ አወጣኋቸው።»

ታማኤ ወደ ጠረጴዛው ሮጣ አምስቱን አገኘች። ስድስተኛው የለም። «አንዱ ጎድሏል። ዋና የማያውቀው አማች።»

«እሱማ ተሸጠ። ደራሲውን አላውቀውም፣ አሳታሚውንም አላውቀውም። እኔ የማላውቀው ደራሲ ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወርቅ ነው፣ ወይ መቶ የን ነው።»

«እና?»

«መቶ የን ነው።»

ታማኤ ለባሏ አንጀቷ ቆሰለ። «አንብበውት ነው እንዲህ የሚሉት?»

«ዳቦ ጋጋሪ የጋገረውን ሁሉ ሲበላ አይተው ያውቃሉ?»

«ማን ገዛው? ንገሩኝ እንጂ!»

ቱዙኪ መቻኮሏ እውነት መሆኑ አሁን ገባው፤ ድምፁን አለሳለሰ። «ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ወፍራም ሰው፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የሰጠኝ ሳንቲም ራሱ እርጥብ ነበር።»

«ወዴት ሄደ?»

«አይ እትዬ ታማኤ! ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፍ ገዝቶ የወጣ ሰው ወዴት ይሄዳል? እርስዎ ወዴት ይሄዳሉ?»

የኮማዶሪን በር ገና ሳትከፍተው ሳቁን ሰማች። ከሆድ የሚወጣ፣ ጠረጴዛ የሚያነቃንቅ ሳቅ ነው። ሰውየው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ቦቲው፣ ፎጣው፣ ሁሉም እንደተባለው። ቡናው ቀዝቅዟል፣ ዳቦው አልተነካም፣ አፍንጫውን በመጽሐፉ አረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ቀብሮታል።

«ስድስተኛው ነው» አለች ማሳዮ ከባንኮኒው ወዲያ። «መሳቁን ማለቴ ነው። ከዚያኛው ጠረጴዛ ያሉት እመቤቶች ተማረው ቦታ ቀየሩ።»

ታማኤ አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ሰውየው ፊት ጎንበስ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ መጽሐፍ የኔ ነው። ማለቴ፣ ነበር። በስሕተት ነው የሸጥኩት። በአንድ ሺህ የን ይመልሱልኝ።»

ሰውየው ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ ቀና አለ። ኢዋሴ ይባላል፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ ይሸጣል፤ ከሌሊት ጀምሮ ሠርቶ ሦስት ሰዓት ላይ ነጻ ይወጣል። ይህን ሁሉ የነገራት ሳትጠይቀው ነው። «በአንድ ሺህ?» አለ ቀጥሎ። «እመቤቴ፣ በአሥር ሺህም አልሰጥ። ገጽ ሰማንያ ላይ ነኝ እኮ! ሰውየው ዋና ሊለማመድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሆዱ ተንሳፍፏል። ሽማግሌዎቹ ሞተ ብለው...»

«እሳት አደጋ ጠሩ» አለች ታማኤ ሳታስበው። «ከዚያ የልጅቷ አባት...»

«እንዳትነግሪኝ!» ኢዋሴ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው። «አንብበሽዋላ።»

«አራት ጊዜ።»

«እንግዲያማ ፍርዱን ለራስሽ ልተወው። አንባቢ ከአንባቢ እጅ መጽሐፍ መሀሉ ላይ ይነጥቃል?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ በየትኛውም አገር አንድ ነው። «አይነጥቅም» አለች።

«ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ሚስቴም ታንብበው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ማሳዮ ጋ አስቀምጥልሻለሁ። ሺህ የንሽን ያዢ፣ ቡና ጋብዢኝ።»

ታማኤ ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለነገ እሁድ አይደርስም። ማዘን ነበረባት፤ ደግሞም ትንሽ አዝናለች። ግን ከሐዘኑ ሥር አንድ ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። ኩኒዮ ሁለት መቶ ሰው ዘንድ ሄዶ አንድ አንባቢ አላገኘም። እነሆ አንባቢው፤ በገንዘቡ የገዛው፣ ማንም ያላስገደደው፣ ዳቦውን የረሳለት። ደስታው አንገቷ ድረስ መጣባት። ስልኳን አወጣች።

«ኮማዶሪ ና።»

«ምን ሆንሽ?» አለ ኩኒዮ።

«ምንም አልሆንኩም። ና።»

«ቡና እቤት አለ።»

«ኩኒዮ፣ በሞቴ ና!»

በብስክሌት መጣ። ከድንጋጤው ብዛት አንዱ ካልሲው ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ሚስቱ ደህና መሆኗን ሲያይ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«መጽሐፍህን ሸጥኩት» አለች። «በሕግህ መሠረት ሳስወጣ፣ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ፣ ሳላየው። ሠላሳ አምስት ዓመት ደብቄ አኑሬው ባለፈው ቅዳሜ ሸጥኩት። ይቅር በለኝ።»

ኩኒዮ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ከፋብሪካው በወረሰው ልማድ ማሳዮ ያስቀመጠችለትን ሲኒ በጥፍሩ ነካ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። «መቼም የሚፈልገው ሰው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ተይው።»

በዚያች ቅጽበት ማሳዮ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «እስቲ እኛም እንስማው፣ ብቻዎን ከሚስቁ!» አለችው ዓሣ ሻጩን። ኢዋሴም ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገጽ ተመለሰና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሰውየው ተንሳፈፈ። ሽማግሌዎቹ ተደናገጡ። እሳት አደጋ መጣ፤ ሰውየው ራቁቱን በቃሬዛ ተሸክመውት ሲወጡ በሩ ላይ ከልጅቷ አባት ጋር ተፋጠጠ፤ «ስለ ሠርጉ ልነጋገር ፈልጌ ነበር» አለው። ማሳዮ የእጅ ፎጣዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ቦታ የቀየሩት እመቤቶች እንኳ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ኩኒዮ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እዚያ ጋ መሳቅ የለባቸውም» አለ በሹክሹክታ። «አሳዛኝ ቦታ ነው። ሰውየው ለፍቅሩ ሲል ውሃ እየጠጣ እኮ ነው!»

«እኔም ስቄያለሁ። አራቱንም ጊዜ።»

«አራት ጊዜ አነበብሽው?»

«ምነው፣ የማነበው የሰው ብቻ ነው ብለህ ትጠረጥረኝ ነበር?» ታማኤ ሳቋ አመለጣት። «ሄጄ ደራሲው ይኸውና ልበለው?»

«እንዳታደርጊው! ዝም በይ። ወደዚህ እንዳታዪ።» እሱ ግን ዓይኑን ከሰውየው ላይ መንቀል አልቻለም። ቡናውን ጠጣ፣ ሁለተኛም አዘዘ። አምስት ሰዓት አለፈ፤ የነጻው ዳቦ ጊዜ አበቃ፤ ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ። ኢዋሴ እያነበበ ነው። ሳቁ ግን እየተራራቀ መጣና ጨርሶ ጠፋ። ኩኒዮ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረ።

«ሰለቸው» አለ። «አየሽ፣ ሰለቸው። ገጹ ስንት ነው? ሂጂ እዪልኝ።»

ታማኤ ጋዜጣ የምታነሳ መስላ በሰውየው ጀርባ አለፈችና ተመለሰች። «መቶ ሠላሳ አንድ።»

ኩኒዮ ፊቱ ተለወጠ። መቶ ሠላሳ አንድ ላይ ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ታሞ፣ በነፋስ ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያሻግረው ሰው ጠፍቶ፣ ዋና የማያውቀው አማች መቅዘፊያውን ያነሳል። ኩኒዮ ገጹን አልረሳውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተጋብተው በሰው ፊት የሚስቱን እጅ ነክቶ የማያውቀው ሰው አሁን ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

ኢዋሴ አንድ ገጽ ገለጠ። ሌላ ገለጠ። ከዚያ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ደፍቶ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ከአንገቱ ፎጣውን ፈታና ዓይኑን ጠረገ። ማሳዮ አይታው ውሃ ቀዳችለት።

ኩኒዮ የሚስቱን እጅ አልለቀቀም። «እዚያ ጋ ስደርስ እኔም አልቅሼ ነበር» አለ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስጽፈው።»

«አውቃለሁ» አለች ታማኤ። «የወረቀት በር አይደል እንዴ ያለን፤ ወዲህ ማዶ ተቀምጬ እሰማህ ነበር።»